ከወጌሻ እጅ እስከ ምት ሞገድ
(በጅማት ሕክምና ውስጥ ስለ ኃይልና ስለ መጠኑ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ሾክ ዌቭ» እየተባለ የሚጠራው የምት ሞገድ ሕክምና ከየት እንደ መጣ፥ በጅማታችንና በሌላውም አያያዥ ሥጋችን ውስጥ በሚገኙት ሕዋሳት ላይ ምን እንደሚሠራ፥ ከአገራችን የወጌሻ ሙያም ጋር በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ መግለጽ ነው። ይህ ነገር ለሐኪም እንጂ ለታሪክ ተማሪ ምኑ ነው የሚል አንባቢ አይታጣም። ነገር ግን ማናቸውም ሕክምና የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ ያልታወቀ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ አንዳንዱ ሰው እንደ ተአምር ያየዋል፥ ሌላው ደግሞ እንደ ማታለያ ይንቀዋል፤ ሁለቱም በሽተኛውን አይጠቅሙትም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ስለ ቦታውና ስለ ሕመሙ

ቦሌ ቡልቡላ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ በተዛወረበት ጊዜ ይህ አካባቢ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱት መሬት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ እርሻው ባለበት ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ቪላዎች ቆመዋል። ሕንፃ በሚሠራበት አገር ደግሞ ሲሚንቶ የሚሸከም፥ ብረት የሚያጥፍ፥ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ የሚውል ሰው ይበዛል። ስለዚህ የተረከዝ፥ የክርን፥ የትከሻና የወገብ ሕመም በዚህ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለው ሕመም የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይከተላል። አንደኛው ቤት ውስጥ በቅቤ ወይም በቅባት እየታሹ መታገሥ ነው። ሁለተኛው ወደ ወጌሻ መሄድ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ያለው ሰው የሚከተለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ መንገድ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ካሉት ክሊኒኮች አንዳንዶቹ የምት ሞገድ መሣሪያ አስገብተዋል። የወጌሻውን እጅና መሣሪያውን ጎን ለጎን አድርገን ለመመርመር ያነሣሣን ይኸው በአንድ ሰፈር ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

አስቀድሞ ስለ ጅማት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጅማት ሥጋን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። ገመዱ የተፈተለው ኮላጅን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፥ ኮላጅኑን የሚሠሩትና የሚጠግኑት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት በብዙ ክር መካከል ተበታትነው የሚኖሩ ጥቂት ሠራተኞች ናቸው፤ ወደ ጅማት የሚደርሰውም ደም ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ጅማት አንድ ጊዜ ከተጎዳ ለመዳን ብዙ ወራት የሚፈጅበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው። ከ1955 እስከ 1963 ድረስ በተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ውስጥ የበዛውን ካርቦን 14 እንደ መለኪያ አድርገው የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፥ የተረከዝ ጅማት እምብርት ሰው ወደ 17 ዓመት ዕድሜ ከደረሰ በኋላ ከሞላ ጎደል እንደማይታደስ አሳይተዋል። እንግዲህ አንድ የሠላሳ ዓመት ሰው የሚሮጠው በልጅነቱ በተፈተለ ገመድ ነው ማለት ይቻላል። በሩጫ ጊዜ በዚህ ገመድ ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውየውን ክብደት አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ሊደርስ እንደሚችል ተለክቷል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም፤ ስማችንን በዓለም ያስጠሩት ብዙዎቹ በእግራቸው ነውና። አበበ ቢቂላ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ለማቋረጥ ተገድዶ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በሴኮንድ 9 መቶኛ ብቻ ሲቀድመው የተረከዝ ጅማቱ ይታመም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። የሯጭ እንጀራ በአንድ ጅማት ላይ እንደሚንጠለጠል ሁሉ የተሸካሚውም እንጀራ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የተሸካሚው ሕመም በጋዜጣ አለመጻፉ ነው።

፪. የወጌሻ ሙያ

ወጌሻ የሰበረውን የሚጠግን፥ የወለቀውን የሚመልስ፥ ወለምታን የሚያሽ የባህል ሐኪም ነው። በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት ዐዋቂ፥ ባለሙያ ማለት ነው፤ የሁለቱ ቃላት መቀራረብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የሚተላለፍ ነው። ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በጣት ነው። ወጌሻው ዐይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጎ በአውራ ጣቱ ጅማቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ያበጠውንና የተቋጠረውን ቦታ ሲያገኝ እዚያ ላይ ያቆማል። ከዚያም በቅቤ ወይም በቅባት አለስልሶ ያሻል። ስብራት ሲሆን አጥንቱን ስቦ ካገጣጠመ በኋላ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጣሪና በጨርቅ ያስረዋል።

ከወጌሻ ሌላም ሕመምን በኃይል ወይም በሙቀት ለመመለስ የሚሞክሩ ልዩ ልዩ ልማዶች በአገራችን አሉ። ዋግምት በቀንድ ደም መሳብ ነው። መተኮስ የታመመውን ቦታ በጋለ ብረት ወይም በእሳት መንካት ነው። ለቁርጥማት በፍል ውሃ መታጠብ ደግሞ ከአዲስ አበባ አመሠራረት ጋር የተያያዘ ነው፤ እቴጌ ጣይቱና ቤተ መንግሥቱ በ1886 ከእንጦጦ ወርደው በሠፈሩበት በፍል ውሃ አጠገብ ከተማይቱ ተቆርቁራለችና። የእነዚህ ልማዶች የጋራ አሳብ የደከመውን ቦታ ከውጭ በሚመጣ ኃይል መቀስቀስ ነው።

ይህ አሳብ በከንቱ የተፈጠረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ሲሪያክስ የተባለው ሐኪም በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ ጅማትን በጣት ጫፍ በአግድም አጥብቆ የማሸት ዘዴን ለዘመናዊ ሐኪሞች አስተማረ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም በ1997 በአይጦች የተረከዝ ጅማት ላይ ይህን የመሰለ ማሸት ሞክረው የፋይብሮብላስቶች ቁጥር እንደ ጨመረ በአጉሊ መነጽር አይተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1999 በወጣው ተከታይ ጥናትም የማሻው ግፊት ሲበረታ የሕዋሳቱ ብዛት የሚጨምር መሆኑ ታየ። ስለዚህ የወጌሻው አውራ ጣት ስሙን የማያውቀውን ሕዋስ ይነካ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ነገር ግን የዚህ ሙያ ሌላ ገጽታ ሊሸፈን አይገባውም። በአገራችን ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ደጋግመው እንደ ጻፉት፥ ወጌሻው ስብራቱን ከመጠን በላይ አጥብቆ ሲያስረው የደም መተላለፊያ ይዘጋል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፥ ይጠቁራሉ፤ መጨረሻው ክንድን ወይም እግርን መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ከዚህ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርስባቸው ሕፃናት መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል። ጥፋቱ የመጣው ማሰር ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም፤ ዘመናዊው ሐኪምም በጀሶ ያስራል። ጥፋቱ የመጣው የማሰሪያው ጥብቀት መጠን ስላልታወቀ ነው።

፫. የምት ሞገድ አመጣጥ

አሁን ወደ መሣሪያው ታሪክ እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። በባሕር ውስጥ ፈንጂ በፈነዳ ጊዜ በአቅራቢያው ይዋኙ የነበሩ ሰዎች ቆዳቸው ሳይቆስል ሳንባቸውና አንጀታቸው ተጎድቶ ይገኝ ነበር። የፍንዳታው ሞገድ በውሃ ውስጥ አልፎ፥ ከውሃ ጋር በሚመሳሰለው ሥጋ ውስጥም ያለ ከልካይ ገብቶ፥ አየር ወዳለበት ክፍል ሲደርስ ጉዳቱን ያደርሳል። እንግዲህ ይህ ኃይል መጀመሪያ የታወቀው በመግደሉ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ፋብሪካ ከድምፅ ፈጥነው የሚበሩ አውሮፕላኖች ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጩ በብረታቸው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያጠና ነበር። ጠብታው ከላይ ቢመታም ጉዳቱ በብረቱ ውስጥ ራቅ ብሎ ይታይ ነበር። ከዚህ ጥናት በመነሣት ሞገዱን በአንድ ነጥብ ላይ አሰባስቦ በሰውነት ውስጥ ያለውን ጠጠር መስበር ይቻል እንደሆነ ተመረመረ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በየካቲት 1980 በሙኒክ ከተማ ክርስቲያን ቾሲና ጓደኞቹ የአንድ በሽተኛ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቢላዋ በምት ሞገድ ሰበሩ። በ1984 መጨረሻም መሣሪያው በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሕመም ሆዱ ይቀደድ የነበረው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ለመመለስ ቻለ።

ወደ አጥንትና ወደ ጅማት የተሸጋገረው ደግሞ ባልታሰበ መንገድ ነው። ሞገዱ ወደ ጠጠሩ ሲያልፍ የዳሌን አጥንት ይጎዳ ይሆን ብለው የፈሩ ተመራማሪዎች እንስሳትን ሲመረምሩ አጥንቱ በመጎዳት ፈንታ አዲስ አጥንት ሲሠራ አገኙት። በ1991 ቫልቻኑና ሚካይሎቭ የተባሉ የቡልጋርያ ሐኪሞች አልገጥም ያለ ስብራት ካላቸው 82 በሽተኞች መካከል የ70ዎቹ አጥንት በምት ሞገድ እንደ ገጠመ ጻፉ። በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት በትከሻ ጅማት ውስጥ ለሚጋገር ካልሲየም፥ ለክርንና ለተረከዝ ሕመም መሞከር ተጀመረ። በ2000 በአሜሪካ ለተረከዝ ሕመም የመጀመሪያው መሣሪያ ፈቃድ ተሰጠው።

መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሞገዱን በጥልቅ ቦታ ላይ በአንድ ነጥብ የሚያሰባስበው ነው፤ በዚህ ግፊቱ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ እጅግ ከፍ ብሎ ወዲያውኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁለተኛው በታመቀ አየር የምትገፋ ትንሽ ጥይት የመሣሪያውን ጫፍ ከውስጥ እየመታች ምቱን በቆዳ በኩል የምታስተላልፍበት ነው። ይህኛው ከቆዳ በታች ወደ ጥልቁ በሄደ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በክሊኒኮች ዘንድ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው።

፬. በሕዋሳት ላይ የሚያደርገው ሥራ

ፋይብሮብላስት ዐይንና ጆሮ የለውም፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ክር ሲሳብና ሲገፋ ያውቃል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ኢንተግሪን የሚባሉ መያዣዎች አሉ፤ እነዚህ በአንድ በኩል የኮላጅኑን ክር፥ በሌላው በኩል የሕዋሱን ውስጣዊ ማገር ይይዛሉ። ከውጭ ምት ሲመጣ መያዣዎቹ ይነቃነቃሉ፤ መነቃነቁም ወደ ኬሚካላዊ መልእክት ተለውጦ ወደ ሕዋሱ እምብርት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሕዋሱ እንዲበዛና ኮላጅን እንዲሠራ ይታዘዛል።

በቤተ ሙከራ የተደረጉት ጥናቶች ይህን ያረጋግጣሉ። በ2009 ጣልያናውያን ተመራማሪዎች በሳሕን ውስጥ ያሳደጓቸውን የሰው ፋይብሮብላስቶች በምት ሞገድ መቷቸው። መጀመሪያ የታየው ነገር ጉዳት ነበር፤ ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ወዲያውኑ ሞቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የተረፉት ካልተመቱት ይልቅ ፈጥነው በዙ፤ ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ 1 የሚባለውን የዕድገት መልእክተኛና ሁለት ዓይነት ኮላጅን ለመሥራት የሚያስፈልገውንም ትእዛዝ አበዙ።

በእንስሳትም እንዲሁ ነው። የታይዋን ሐኪሞች በ2003 በ50 ጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ጥናት ጅማት ከአጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደ በቀሉ አሳይተዋል። ደም በማይበዛበት ጅማት ውስጥ አዲስ የደም ሥር መገኘቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ አንባቢ ከላይ ከተባለው ይረዳል።

፭. ስለ መጠኑ የተነሣው ክርክር

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር የሚገኘው በ1998 በጀርመን አገር ሮምፔና ባልደረቦቹ በ42 ጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ነው። የተረከዝ ጅማታቸውን በሦስት ልዩ ልዩ መጠን መቱት፤ ይኸውም በካሬ ሚሊሜትር 0.08፥ 0.28 እና 0.60 ሚሊጁል ነው። በአነስተኛው መጠን የታየ ለውጥ አልነበረም። በመካከለኛው ጥቂት እብጠት ታይቶ ጠፋ። በከፍተኛው ግን ጅማቱ አበጠ፥ በውስጡም የሞተ ሥጋ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከ0.28 በላይ የሆነ ኃይል ለጅማት ሕክምና እንዳይውል መከሩ። መሣሪያው አንድ ነው፤ ጅማቱም አንድ ነው፤ የተለየው መጠኑ ብቻ ነው።

በሰዎች ላይ በተደረጉት ሙከራዎችም ክርክር ተነሥቷል። በ2002 በአውስትራልያ በ166 ሰዎች፥ በ2003 ደግሞ በጀርመን በ272 ሰዎች ላይ የተረከዝ ሕመም ሕክምናው ከማስመሰያ ምት ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በሁለቱም ቁም ነገር የሚባል ብልጫ አልተገኘም፤ በጀርመኑ ጥናት የተሻላቸው በእውነተኛው ሕክምና 34 ከመቶ፥ በማስመሰያው 30 ከመቶ ነበሩ። በ2008 በወጣው በ245 ሰዎች ጥናት ግን በጥይት የሚሠራው መሣሪያ 61 ከመቶ፥ ማስመሰያው 42 ከመቶ ውጤት አሳየ። የመሣሪያው ዓይነት፥ የምቱ ኃይልና ብዛት፥ የማደንዘዣ መኖርና አለመኖር ከጥናት ወደ ጥናት ይለያያል። እንግዲህ «ሾክ ዌቭ ያድናል ወይስ አያድንም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው። በምን ያህል ኃይል፥ ስንት ጊዜ፥ ለየትኛው ሕመም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከማስመሰያው ውጤት ሌላም ትምህርት እናገኛለን። ከመቶ ሠላሳው ወይም አርባው ያለ ምንም ኃይል ከተሻለው፥ በክሊኒክም ሆነ በወጌሻ ቤት «ድኛለሁ» የሚል ሰው ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህ ፍርድ ለሁለቱም እኩል ነው።

፮. ለአገራችን የሚሆን አሳብ

ስለ ገንዘብ መናገርም ያስፈልጋል፤ የቀን ሠራተኛ ለክሊኒክ የሚከፍለው ከልጆቹ ጉርሻ ነውና። በ1998 አልፍሬድሰን የተባለ የስዊድን ሐኪም የተረከዝ ጅማታቸው ለታመመ 15 ሯጮች መሣሪያ የማይፈልግ ሕክምና ሰጠ። በሽተኛው በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ተረከዙን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ያወርዳል፤ ይህንንም በቀን 180 ጊዜ፥ ለ12 ሳምንታት ያደርጋል። 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። በ2009 ሮምፔ 68 በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር፥ ይህን ልምምድ ብቻ ካደረጉት ከአራት ወር በኋላ የዳኑት ወይም እጅግ የተሻላቸው 56 ከመቶ ሲሆኑ፥ ልምምዱን ከምት ሞገድ ጋር ካጣመሩት 82 ከመቶ ነበሩ። መሣሪያው ይረዳል፤ ነገር ግን ሥራውን ብቻውን አይሠራም። በቦሌ ቡልቡላ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደረጃ ሞልቷል፤ ሐኪም አይቶ የፈቀደለት ሰው የሕክምናውን ትልቁን ክፍል በገዛ ደጃፉ ያለ ክፍያ ሊያገኘው ይችላል።

ስለ ወጌሻዎችም በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የባህል ሕክምና ጠቃሚ ክፍል እንዲጠናና ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጅ ደግፏል። ለጅማትና ለአጥንት ሕክምና ይህ አሳብ በሁለት ቀላል ነገሮች ሊጀመር ይችላል። አንደኛ፥ ወጌሻው ካሰረ በኋላ የበሽተኛው ጣቶች እንዳይቀዘቅዙ፥ ቀለማቸው እንዳይለወጥ፥ እንዳይደነዝዙ በየሰዓቱ እንዲመለከትና ከነዚህ አንዱ ሲታይ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትቶ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ ማስተማር ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ የሕፃንን ክንድ ግን ያተርፋል። ሁለተኛ፥ በምት ሞገድ የሚያክም ክሊኒክ የመሣሪያውን ዓይነት፥ የኃይሉን መጠን፥ የምቶቹን ቁጥርና የተሰጠበትን ቀን በበሽተኛው ካርድ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። መጠኑ ካልተጻፈ ሕክምናው ከወጌሻው ጥብቀት የተሻለ ልክ አለው ማለት አይቻልም፤ ሕመሙ ባይሻልም ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ምን እንደ ተሞከረ አያውቅም።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የደከመን ጅማት በኃይል መቀስቀስ ከአውሮፓ የመጣ አዲስ አሳብ አይደለም፤ ወጌሻዎቻችን ለብዙ ትውልድ ሲሠሩበት ኖረዋል። አዲሱ ነገር ኃይሉን መለካት ነው። የፈንጂ ሞገድ በባሕር ውስጥ ሰው ገድሏል፤ በሙኒክ ተለክቶ ጠጠር ሰበረ፤ ከዚያም ባነሰ መጠን ፋይብሮብላስትን ለሥራ አነቃ። የጨርቅ ማሰሪያም በልኩ አጥንትን ያገጥማል፥ ከልኩ ሲያልፍ እጅ ያስቆርጣል። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ለመምረጥ ከመከራከር ይልቅ፥ በወጌሻ ቤትም ሆነ በክሊኒክ መጠንን የመጠየቅ ልማድ ብናስገባ ለበሽተኛው ይሻለዋል። የታሪክና የሳይንስ ተማሪዎች በጋራ ቢሠሩ፥ በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ወጌሻዎች ግፊትን በጣታቸው እንዴት እንደሚለኩና ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያስተምሩ ሳይጠፋ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ሥራ ለቀጣይ ጥናት የሚተው ነው።